ለእህት የማይነገር ቀልድ

ሴፋ በዓሥራ አምስት ዓመቷ ሰማዕት ለመሆን ቆርጣ ተነሥታ ነበር። ችግሩ የሚሰዋት ሰው መጥፋቱ ነው። የመንደራችን የፋሌሙኑ ሰው ደግሞ በዚህ በኩል አይታማም። ቅዳሴ ያረፈደውን፣ በጸሎት ሰዓት መንገድ ላይ የተገኘውን፣ አሳማውን ሳያስር የተኛውን ሁሉ ጠርቶ ያለ ርኅራኄ ይቀጣል። ለሴፋ ግን፣ ያን ያህል ተዘጋጅታ፣ ያን ያህል ለቅሶ ተለማምዳ፣ አንዲት ጠጠር የሚወረውርላት እንኳ አልተገኘም።

ስትወለድ ኢዮሴፋ በሚል የወንድ ስም ተጠመቀች። አዋላጇ «ወንድ ነው» አለች፤ አባቷ አፔሉም ሌላ የራግቢ ተጫዋች ስለ ሰጠው እግዚአብሔርን አመሰገነ። እግዚአብሔር ምስጋናውን ተቀበለ፤ ተጫዋቹን ግን አልላከም። እንዲህ ያለችውን ልጅ እኛ ፋአፋፊኔ እንላታለን፣ ወንድ ተብላ ተወልዳ በሴት ወግ የምትኖር ማለት ነው። በደሴታችን በሳቫዪ አንዲት እንኳ የሌለችበት መንደር ካለ፣ መዘምራኑ የሚያንቋርሩበት፣ ሠርጉም የለቅሶ ቤት የሚመስልበት መንደር ነው። እንዲህ ስል ግን ቤቱ ሁሉ በአበባ ተቀበላቸው ብዬ እንዳልዋሽ። በወዲያኛው መንደር አባቷ መቅዘፊያ ይዞ እስከ ባሕሩ ያሳደዳት አለች። ሴፋም ይህን ሰምታ ነበርና የእሷም አባት መቅዘፊያ እንደሚያነሣ እርግጠኛ ነበረች። መቅዘፊያው ያለበትን ቦታ ሳይቀር በዓይኗ ለክታለች።

በዓለም ላይ የምትፈራው ሰው ግን አባቷ አልነበረም። ታላቅ ወንድሟ ፋላኒኮ ነበር።

ፋላኒኮ በሁለት ዓመት ይበልጣታል። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት ነው። ሲስቅ ግን ጉድ ነው፤ መጀመሪያ ትንፋሹ ይቋረጣል፣ ከዚያ አንገቱን እንደ ታነቀ አሳማ አንዴ ይጮኻል፣ ከዚያ በኋላ መቆሚያ የለውም። ሴፋ የኖረችው ለዚህ ሳቅ ነው። ሌላው ልጅ የክርስትና ትምህርት ሲማር፣ እሷ ፋላኒኮን የሚያስጮኽ ብልግና ስትፈጥር ትውላለች። ብልግናውም የዋዛ አልነበረም። መርከበኛ ቢሰማው ጆሮውን ይዞ ወደ ባሕር የሚዘል ዓይነት ነው። ከሁሉ የላቀው የፓስተሩ ሙታንታና የአሳማዋ ቀልድ ሲሆን፣ እሱን ባረቀቀች ጊዜ ገና አሥር ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሥራ አልወጣትም።

ማብሰያው ጎጆ ሥር ኮኮናት እየፋቁ እንዲህ ይባባሉ ነበር፤ ጀማሪው ፋላኒኮ ነው፣ ሴፋንም ያኔ እንደ ወንድ ነበር የሚጠራት፦

«አንተ የኤሊ ቂጥ፣ የፓስተሩን ድገምልኝ።»

«ትናንት ነግሬሃለሁ።»

«ድገመው ነው የምልህ! ኮኮናትህን እኔ እፍቅልሃለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ግን አሳማዋን በድምጿ አድርጋት።»

ሴፋ አሳማዋን በድምጿ ታደርጋታለች፤ ፋላኒኮ መሬት ላይ ይንከባለላል፤ ኮኮናቱ ሳይፋቅ ይመሽና ሁለቱም ይገረፋሉ። ደስታ ይህ ነበር።

ታላቅ እህታቸው ፌቱ ብቅ ስትል ደስታው እዚያው ይሞታል። እህት የወንድሟ ዓይን ብሌን ናት ይባላል እኛ ዘንድ። ብሌን ደግሞ በጣት አይነካም። በእህት ፊት ባለጌ ቃል አይወጣም፣ ከእሷ ጋር በአንድ ጣራ ሥር አይታደርም፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ሰዎች ከንፈር ለከንፈር መቀራረብ ሲጀምሩ ወንድም የሆነ ሁሉ ድንገት ውኃ ይጠማውና ይወጣል። ከዓሣው የሰባው የእሷ ነው። የሚከብደውን እሱ ይሸከማል፤ ዓይኗን ግን ትኩር ብሎ አያይም። ፌቱ በገባች ቁጥር ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው ይወጡና የዳቦ ፍሬ ዛፉ ሥር ቆመው ያማርራሉ። ከሁለቱ ይበልጥ የምታማርረው ሴፋ ነበረች። «መጣች ደግሞ! ጨዋታችንን ገደለችው» ትላለች። ፌቱ አግብታ ወደ ሌላው ደሴት ስትሄድ ቤተ ሰቡ ሁሉ አለቀሰ፤ ሁለቱ ግን ከእስር እንደ ተፈታ ሰው በቤቱ ውስጥ ሲሳደቡ ዋሉ።

እንግዲህ ሴፋ ያን እሑድ ያደረገችውን ልንገራችሁ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳው ቀርቧል፤ ጣሮ የምንለው ጎደሬ፣ ዓሣው፣ የኮኮናት ወተት የተጠቀለለበት ቅጠል። ሴፋ ፌቱ ጥላው የሄደችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ከጆሮዋ ሥር ቀይ አበባ ሰክታ ገባች። ንግግሯን ለሳምንታት ስታጠናው ከርማለች። የምትወድቅበትንም ቦታ መርጣለች፤ ሾርባው የማይደርስበት፣ ግን ሁሉም የሚያያት ምንጣፍ ላይ።

«ቤተ ሰቦቼ» አለች፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። መንቀጥቀጡን አልተለማመደችውም፣ የራሱ ነበር። «እስከ ዛሬ ያያችሁት ኢዮሴፋ ጭምብል ነው። ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሴት ልጃችሁ ልትቀበሉኝ ወይም ወደ ባሕር ልትወረውሩኝ ትችላላችሁ። እኔ ለሁለቱም ዝግጁ ነኝ።»

አፔሉ ጣሮውን አላምጦ ዋጠና፣

«ጨረስሽ?» አለ።

«አዎ አባዬ።»

«እንግዲያው ሳህኑን ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ታጥቢያለሽ።»

«ይኸው ነው?» አለች ሴፋ፤ ቅር ብሏት።

«ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ኳሱ ሲመጣልሽ ኳሱን ትተሽ ጸጉርሽን የያዝሽ ዕለት እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ስንቴ ላልቅስ?»

እናቷ ሌአታ ዓይኗን ከቀሚሱ አልነቀለችም። «የፌቱ ቀሚስ ብብቱ ላይ ተቀዷል። ብትጠይቂኝ የኔን እሰጥሽ አልነበረም? ሰፊ ትከሻሽን ከአባትሽ ወስደሽ የፌቱ ቀሚስ ይበቃኛል ትያለሽ!»

አክስቷ ቶኤ፣ ሦስት ሰው የሚያህሉት የአባቷ እህት፣ ማራገቢያቸውን እያወዛወዙ፣ «እኔስ መቼ ትነግረን ይሆን እያልኩ ነበር፤ ሳልሰማ እንዳልሞት» አሉና እጃቸውን ወደ ቅጠሉ ሰደዱ። «ለዚህ ነው እንዲህ የቀዘቀዘው?»

የመውደቂያዋ ምንጣፍ ያለ አገልግሎት ቀረ። ሴፋ ግን እነሱን አልሰማቻቸውም። ፋላኒኮን ነበር የምታየው። እሱም አንዲት ቃል አልተናገረም። የያዘውን ጣሮ አስቀመጠ፣ ተነሣ፣ በተቀመጡት ፊት ጎንበስ ብሎ አልፎ ወጣ። ያን ቀን ከመጨለሙ በፊት ምንጣፉንና ትራሱን በክንዱ ይዞ መንገዱን ተሻገረና ጓደኛው ቪሊ ቤት ገባ። አልተመለሰም።

በመቅዘፊያ ብትመታ ይሻላት ነበር። ስለ መቅዘፊያ የሚነገር ነገር አለ። ለዝምታ ግን ምን ይባላል?

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ከሴፋ ቀድሞ ቢረዳው አይኩራ። በዚያ ሰሞን ከሴፋ መቅደም ዶሮንም አያቅታትም ነበር። ፋላኒኮ ከባሕር ሲመለስ ዓሣውን ለእናቱ ሰጥቶ ያልፋል፤ እናቷም የሰባውን ለሴፋ ታቀርባለች። «በእጄ መስጠት ተጸየፈ» ትላለች ሴፋ፣ ዓሣውን እስከ ጭራው እየጋጠች። የውኃ ባልዲ ልታነሣ ስትል ከየት መጣ ሳይባል መጥቶ ይነጥቃትና ቤት አድርሶ ይሄዳል። «የነካሁትን ውኃ እንኳ አላመነም» ብላ ታለቅሳለች። የኤሊ ቂጥ ብሎ መጥራቱን ትቷል፤ እንዲያውም በምንም አይጠራትም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። ሴፋም ከዚያ መሬት ላይ የራሷን ውርደት ታነብባለች። በአጭሩ፣ ዘውድ በጫኑላት ቁጥር ራሴን መቱኝ ብላ የምትጮኽ ንግሥት ሆና ከረመች።

ጭራሽ መድኃኒቱን አገኘሁ አለች። ሳቁን ከመለሰችው ወንድሟም ይመለሳል! አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፋላኒኮ ከዛፉ ሥር እሳት አንድዶ የዳቦ ፍሬ ሲጠብስ ደረሰችበትና፣ ሰላምታ ሳታቀርብ፣ የፓስተሩን ሙታንታ ከመጀመሪያው ጀመረችው።

ፋላኒኮ ፊቱ ጠቆረ። ጆሮው ግን ቀላ።

«አሳማዋን በድምጿ ላድርጋት?» አለች ሴፋ።

የዳቦ ፍሬው ከእጁ አምልጦ እሳት ውስጥ ወደቀ። አላነሣውም።

«ፋላኒኮ! አትሰማኝም?»

«የጸሎት ሰዓት ደረሰ» አለና ሄደ።

ፀሐይ ከራሳቸው በላይ ነበረች። የጸሎቱ ቀንደ መለከት እስኪነፋ ገና ግማሽ ቀን ይቀራል። ሴፋ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ ቀልዱ አንሶ ነው ብላ በሚቀጥለው ቀን የባሰ ይዛ ሄደች። በሚቀጥለው የባሰ። ወንድሟ ሲያያት መንገድ መቀየር ጀመረ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ልብሱን እንደ ለበሰ ባሕር ገባ።

በመጨረሻ ጉዳዩን ወደ አክስት ቶኤ ወሰደችው። አክስት ቶኤ ምንጣፍ ሽመና እያስተማሯት ነበር። ሴፋ ሴት መሆን ማለት አበባ መሰካትና ማራገቢያ መያዝ መስሏት ነበርና፣ ቅጠል መላግ፣ መቀቀል፣ ማድረቅ፣ መሰንጠቅ ሲመጣባት ክፉኛ ደንግጣለች። የሠራችው ምንጣፍ ወደ አንድ ወገን አጋድሎ፣ ሰው ቢተኛበት የሚንከባለል ሆኗል።

«አፈረብኝ አክስቴ» አለች።

«ማን?»

«ፋላኒኮ ነዋ። ዓይኔን አያይም።»

አክስት ቶኤ ከሥራቸው ቀና አሉ። «የፌቱንስ ያይ ነበር?»

«የፌቱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

«ፌቱማ እህቱ ናት!»

አክስት ቶኤ የያዙትን ቅጠል አስቀመጡ። ሴፋን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ያጋደለውን ምንጣፍ አዩት።

«ይሄ ምንጣፍ ለምን እንደሚጣመም ዛሬ ገባኝ» አሉና ቅጠላቸውን መልሰው አነሡ። ሰው የራሱን ማጅራት አያይም፤ ያየለት ሰው ቢነግረውም አያምንም።

ቅዳሜ ዕለት ከገበያ ሲመለሱ አውቶቡሱ እንደ ወትሮው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሴቶች ከፊት፣ ጎረምሶች ከኋላ፣ ወንበር ያጣ ደግሞ ወንበር ያገኘ ሰው ጭን ላይ። የእንጨቱ ወንበር ይንቋቋል፤ ሙዚቃው ያናውዛል። ሴፋ አክስት ቶኤ ጭን ላይ ተደላድላለች፤ ከዚህ የሚመች ወንበር በደሴቱ ላይ የለም። የቆርቆሮ ዓሣና ዳቦ የያዘው ቅርጫት እግሯ ሥር ነው። ፋላኒኮ ከመጨረሻው ወንበር ከራግቢ ጓደኞቹ ጋር ተጨናንቋል፤ ሲገባ በአጠገቧ አንገቱን ደፍቶ አልፏል። አላየችውም ለመምሰል ስትሞክር አንገቷ ሊቀጭ ምንም አልቀረውም።

ቪሊ መሀል ላይ ብረቱን ይዞ ቆሟል። ቪሊ ልቡ ንጹሕ፣ አፉ ክፍት የሆነ ልጅ ነው፤ ጉዞ ሲረዝምበት ዝም ማለት አይችልም።

«አንዲት አሳማ ነበረች አሉ» ብሎ ጀመረ፣ ለመላው አውቶቡስ።

የሴፋ ጆሮ ቆመ።

«አሳማዋ የማን ነበረች? የፓስተሩ ጎረቤት። ፓስተሩ ደግሞ ሙታንታውን አጥቦ አስጥቷል። ሙታንታውም ነጭ ነበር…»

«ነጭ!» አለች ሴፋ በልቧ። ደራሲ የሆነ ያውቀዋል፤ ሥራህን ሌላ ሰው በአደባባይ ሲያበላሽብህ ከመስማት የሚከፋ ሕመም የለም። ሙታንታው ሰማያዊ ነው! ሰማያዊ ካልሆነ ሴቶቹ የመዘምራን ልብስ ነው ብለው አይሳሳቱም፣ ካልተሳሳቱ ደግሞ የቀልዱ መጨረሻ አይሠራም።

«አሳማዋ ገመዱን በጥሳ ሙታንታውን ጭንቅላቷ ላይ አጠለቀችና፣ ልክ ፓስተሩ ተንበርክኮ…»

ሴፋ ከአክስት ቶኤ ጭን ላይ ተመዝዛ፣ አፏን ከፍታ፣ «ሰማያዊ ነው!» ልትል ስትል ከኋላ ድምፅ መጣ።

«ቪሊ!»

«ወይ?»

«አፍህን ያዝ። እህቴ እዚህ ተቀምጣለች።»

ቪሊ ደንግጦ ግራ ቀኙን አየ። «ፌቱ መቼ መጣች?»

«ፌቱን ማን አነሣ?» አለ ፋላኒኮ።

ሹፌሩ ሙዚቃውን ዘጋ። አውቶቡሱ ውስጥ የሚሰማው የወንበሩ መንቋቋት ብቻ ሆነ። ቪሊ ከፋላኒኮ ወደ ሴፋ፣ ከሴፋ ወደ ፋላኒኮ ካየ በኋላ እንደ በሰለ ፓፓያ ቀላ። ወዲያው ከፊት ያሉት ሴቶች በአንድ አፍ ተነሡበት።

«እህቱ በተቀመጠችበት!»

«ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው?»

«ሙታንታ ይላል ደግሞ! የፓስተር!»

ከሴቶቹ ግማሾቹ ቀልዱን በቃል እንደሚያውቁት እኔ እመሰክራለሁ። ቪሊ ባለበት ጎንበስ አለ። «ይቅርታ ሴፋ። እንዳለሽ አላየሁም» አለ። አላየሁም ያላት፣ ቀልዱን ሲያወራ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ዓይን ዓይኗን ሲያያት የነበረችውን ልጅ ነው።

ሴፋ አፏ እንደ ተከፈተ ነበር። «ሰማያዊ» የምትለው ቃል ምላሷ ላይ ቆማ መውጫ አጥታለች። ዋጠቻት። ከዚያ የተላበሰችውን ክብር ማየት ነበረባችሁ! ማራገቢያውን ከአክስት ቶኤ እጅ ነጠቀችና አፏን ሸፈነች፣ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች፣ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ ሰምታ የማታውቅ የቤተ ክርስቲያን እመቤት መሰለች፤ የራሷን ቀልድ ተጸይፋ። ከማራገቢያው ኋላ ግን ፊቷ በእንባ ርሷል። ትሳቅ ታልቅስ እሷም አላወቀችም፤ ትከሻዋ ሲርገፈገፍ አክስት ቶኤን ጭናቸው ላይ ተሰማቸው።

«ገባሽ?» አሏት በሹክሹክታ።

«ገባኝ።»

«ምንጣፉም እንዲህ ቢገባሽ።»

ያለፈው ሁሉ ተራ በተራ ታወሳት፤ ዓሣው መጣ። ባልዲው መጣ። ያ የተደፋ አንገት፣ እኩለ ቀን ላይ የደረሰው ጸሎት፣ ልብስ እንደ ለበሱ ባሕር መግባት፣ ሁሉም ተሰልፈው መጡና «እኛን ነው ንቀት ያልሽን?» አሏት። ያ ጎረምሳ ከመላው ቤተ ሰብ ቀድሞ፣ ገና ሳይጨልም፣ ምንጣፉን ይዞ ከቤት የወጣው እህት ካለችበት ጣራ ሥር ወንድም ስለማያድር ነበር። ሌሎቹ በአፍ ሲቀበሏት እሱ በትራሱ ተቀበላት። እሷ ደግሞ ለዚህ ውለታው ምን ከፈለችው? እያሳደደች የሙታንታ ቀልድ!

ሐዘኑም አብሮ ገባት። እህትነቷ ከጸና፣ ያ ሳቅ ከእንግዲህ በፊቷ አይሳቅም። ኮኮናት እየፋቁ መንከባለል፣ የኤሊ ቂጥ፣ ሁሉም አበቃ። የለመነችው ተሰጣት፤ የምትወደው ደግሞ ለእሱ ሲባል ሄደ። ደግነቱ ይህን ለረጅም ጊዜ ለማሰብ የሚበቃ ጭንቅላት በዚያ ሰሞን አልነበራትም።

ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ፋላኒኮ ቅርጫቱን ከእጇ ወሰደ። ፊት ፊት እየሄደ፣ ሳይዞር፣ «መንገዱ ጭቃ ነው፤ በዳር በዳር» አላት። ለወራት ያልተናገረውን ሁሉ በዚህ ጨረሰ። ሴፋም በዳር በዳር ተከተለችው፣ ጸጥ ብላ። ጸጥታው እንደ እሷ ላለ ሰው ከባድ ሸክም ነበር፤ እሱን ግን ማንም አልተሸከመላትም።

ዛሬ ሴፋ የመዘምራኑ መሪ ናት፤ የመንደሩ ሴቶች ስብሰባ ላይ ደግሞ ከእሷ አፍ የሚተርፍ የለም። ምንጣፎቿ አሁንም ያጋድላሉ። ፋላኒኮ አግብቶ ከመንገዱ ማዶ ቤት ሠርቷል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንዲት ባለጌ ቃል በመካከላቸው አላለፈችም፤ ሲገናኙ እንደ ሁለት ጳጳሳት ነው የሚነጋገሩት። ግን ቪሊ አለ፤ እግዚአብሔር ቪሊን የፈጠረው ለዚህ ነው። ሴፋ አዲስ ቀልድ በወለደች ቁጥር ከሰዓት በኋላ ቪሊን ትጠራውና ሻይ አጠጥታ ትነግረዋለች፣ ታስደግመዋለች፣ ታርመዋለች። እሱም መንገዱን ተሻግሮ ይሄዳል። የእኛ ቤቶች ምሰሶ እንጂ ግድግዳ የላቸውም። ሴፋ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ፣ እየሸመነች፣ እንዳልጠበቀች ሆና ትጠብቃለች።

ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። የፓስተሩን ሙታንታ፣ አዲስ መጨረሻ አበጅታለት፣ ልካዋለች። መጨረሻውን እኔም አልጽፈውም፤ እህቶች አሉኝ፣ ማንበብም ይችላሉ። ከማዶ የቪሊ ድምፅ ሲንቆረቆር ቆይቶ ጸጥ አለ። ትንፋሽ ተቋረጠ። ከዚያ አንገቷን የታነቀች አሳማ አንዴ ጮኸች፤ ከዚያ በኋላ መቆሚያ አልነበረውም።

ሴፋ ሽመናዋ ላይ አቀርቅራ፣

«ነጭ ነው ብሎታል፣ ያ ደንቆሮ» አለች፤ እጇም መስመሩን ስቶ ምንጣፉ እንደ ገና ተጣመመ።